ለኤልሚ የተለቀቀው ቤት

ከሐረር የመጣሁበት አውቶቡስ ድሬዳዋ ሲያወርደኝ ሻንጣዬን የተቀበለኝ የሰፈራችን ጋሪ ነጂ ነበር። ሌላ ጊዜ ገና እግሬ መሬት ሳይነካ በነገር የሚወጋኝ ሰው፣ ያን ዕለት ዕቃዬን ዝም ብሎ ጋሪው ላይ ጫነ። የደቻቱን ደረቅ ወንዝ አሸዋ ተሻግረን መጋላ ልንገባ ስንል፣ ዓይኑን ከፈረሱ ላይ ሳያነሳ፣ «አዴር ጉሌድን ትናንት ቀበርነው» አለኝ።

«የቱን አዴር ጉሌድ?» አልኩት። ሌላ አዴር ጉሌድ ያለ ይመስል!

እህቴን ላርስ ሄጄ ነው እንጂ ከእሱ ጋር ከምንኖርበት ግቢ የምለይ ሰው አልነበርኩም። ስሰናበተው ሮቃው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነበር። «ከሐረር ምን ላምጣልህ?» ብለው «ራስሽን አምጪ» አለኝ። ራሴን ይዤ ስመጣ እሱ የለም። በእስላም ሥርዓት ሬሳ ስለማይቆይ ቀብሩም ላይ አልደረስኩ። እንደ አባት የማየው ሰው አፈር ሲለብስ አለመቆሜ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ጋሪው ላይ ሆኜ ድምፄን ለቅቄ አለቀስኩ። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ አየኝ፤ ይየኝ!

አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፣ የአባት ወንድም። ታናሹ ታላቁን አዴር ይላል፤ ታላቁም ታናሹን መልሶ አዴር ይለዋል። እኔ ይህን በምን አውቄ? ከምንጃር የመጣሁ ሙሽራ ነኝ። ቤቱን የተከራየን ዕለት ጎረቤቶች እንዳስጠኑኝ «እንደምን ዋሉ አዴር?» ስለው፣ ጢሙን በሂና ያቀላው ሽማግሌ «ደህና ነኝ አዴር» አለኝ። የቀለደብኝ መስሎኝ ኩርፍ አልኩ። እሱ ደግሞ ኩርፊያዬን ትቶ ሌላ ነገር ከንክኖት ኖሮ ግራ ቀኙን ገልመጥ ገልመጥ አደረገና «ዋሉ የምትይው ማንን ነው? እኔ ብቻዬን ነኝ አቦ። አንተ በይኝ» አለ። በአገሬ ሽማግሌን አንተ ማለት ያስደበድባል። ድሬዳዋ ግን እንዲህ ናት፤ እኔም ለመድኩ።

ብቻዬን ነኝ ያለው እውነቱን ነው። ጉልበቱ እስኪደክም ድረስ የባቡር ሐዲድ ጠባቂ ነበር። መዶሻውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ የላላ ብሎን እየፈለገ፣ ያንን በረሃ በእግሩ ሲመላለስበት ነው የኖረው። አረማመዱ እንኳ ከሐዲዱ ጋር ቀርቶ ነበር። ከሐዲዱ ሥር የተጋደሙትን እንጨቶች እየረገጠ መሄድ ስለለመደ፣ መጋላ ውስጥ በሰፊው መንገድ ላይ ሳይቀር በዚያችው በተለካች አጭር እርምጃ ነበር የሚሄደው። ከሩቅ ፊቱ ሳይለይ በአረማመዱ እናውቀዋለን። ሚስቱ ቀደም ብላ ሞታበታለች። ያለው አንድ ልጅ ኤልሚ ነው፤ እሱም ገና ጢም ሳያወጣ በባቡር ጅቡቲ ወርዶ፣ ከዚያ መርከብ ላይ ተቀጥሮ ሄዷል። ወሬው አንድ ጊዜ ከኤደን፣ አንድ ጊዜ ስሙን ከማልይዘው አገር ይሰማል።

ግቢው ውስጥ ሁለት ቤት ነበረ። በመንገዱ በኩል ያለችው ሁለት ክፍል ያላት ጥሩዋ ቤት ለእኛ ተከራየች። እሱ ከኋላ በኩል፣ ጭስ ባጠቆራት አንዲት ክፍል ይኖራል። ባለቤቴ ተሰማ ከባቡር መጠገኛ ሥራው ሲመለስ እጁ ዝም ብሎ መቀመጥ አይወድም፤ የቤቱን ወለል በሲሚንቶ ለሰነ፣ ማድቤት ሠራ፣ መስኮቱን አጠበቀ። አዴር ጉሌድ እየመጣ ወለሉን በመዳፉ ዳበስ ያደርግና «ተሰማ፣ ይሄ የሙሽራ ቤት ነው» ይላል። እኛም ደስ ይለናል። ለማን ሙሽራ እያየው እንደነበረ ያወቅነው በኋላ ነው።

አንድ ጠዋት በራችን ላይ መጥቶ ቆመ። ግባ ብለው እምቢ አለ። ኮፊያውን አውልቆ በእጁ ይዞታል፤ ያለ ኮፊያ አይቼው ስለማላውቅ ደነገጥኩ።

«አዴር፣ ቤቱን ልቀቁልኝ።»

«ምን አጠፋን?»

«ምንም። ለራሴ ነው።»

«ለራስህ ቤት አለህ አይደል እንዴ?»

«ኤልሚ ሊመጣ ነው» አለ። ይህን ሲል ፊቱ እንደ ሕፃን ፊት በራ። ከጅቡቲ የመጣ ሰው ኤልሚን ኤደን ወደብ አግኝቶት ኖሮ፣ «አባቴን ሰላም በልልኝ፣ በቅርቡ እመጣለሁ፣ ቤት ያዘጋጅልኝ» ብሎ ልኮበታል። መጥቶ ሊያገባ ነው፣ ልጅ ሊወልድ ነው፣ በአባቱ ግቢ ሊኖር ነው። ይህን ሁሉ የጨመረው ሽማግሌው ራሱ መሆኑን ያኔ ማን ልብ ይላል?

ተሰማ ሲሰማ ጦፈ። ቀፊራ ገበያ ውስጥ ደግሞ ሌላ ወሬ ይናፈስ ነበር፤ ጉሌድ ቤቱን የሚፈልገው ለአንድ ሀብታም ነጋዴ ሊያከራየው ነው፣ ልጄ ይመጣል የሚለው ማመካኛ ነው ይባላል። ወሬ ደግሞ በድሬዳዋ ሙቀት ቶሎ ይበስላል። ተሰማ «ወለሉን እኔ ለስኜ ሌላ ሊያንፈላስስበት!» እያለ አላስተኛ አለኝ። እኔም ብሆን ደሜ ፈልቷል፤ አራስ ልጅ ታቅፌ የት ልግባ? ተሰማ ሄዶ ከሰሰ። ዳኛው የሁለቱንም ሰምተው፣ እናንተ የአንድ ግቢ ሰዎች ናችሁ፣ በሽማግሌ ጨርሱና ያቃታችሁን ይዛችሁ ኑ ብለው መለሷቸው።

ሽማግሌ የሚቀመጠው በበርጫ ሰዓት ነው። ከምሳ በኋላ፣ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ቤት ሲከት፣ ምንጣፍና ትራስ ይዘጋጅና ጫት ይያዛል፤ የከተማው ጠብ ሁሉ የሚበርደው ያኔ ነው። ሦስቱ ሽማግሌዎች ሮቃው ሥር ተቀመጡ። የሰፈሩ ሼህ፣ አንድ የሐረር ሰውና የተሰማ አለቃ ናቸው። እኔ በሩ ላይ ልጄን እያጠባሁ ጆሮዬን ጥዬ እሰማለሁ።

ተሰማ ተናገረ። «ሰው ለራሴ የሚለው ራሱ ሲገባበት ነው። እሱ ቤት አለው። ልጁ ደግሞ የለም። መጣ ሲባል ስንት ጊዜ ሰማን? ማን አየው?»

የሐረሩ ሰው ወደ አዴር ጉሌድ ዞሮ «እውነቱን ነው አቦ። ልጅህ ሲመጣ ያኔ ይልቀቁልህ» አለ።

«ቤት የሌለው አባት ጋ ልጅ አይመጣም» አለ አዴር ጉሌድ። «በሩ ዝግ ሆኖ፣ ሰው ሞልቶበት ቢያገኘውስ? ተመልሶ ይሄዳል። ልጄና እኔ ሁለት ነን እንዴ? ለእሱ ማለት ለራሴ ነው።»

ጉዳዩ ወደ እኛ ያጋደለ ይመስል ነበር። ሼሁ እንደውም እስከ ክረምት ይቆዩ ማለት ጀምረው ነበር። ያኔ አዴር ጉሌድ ብድግ አለ። ማንም አልጠየቀውም፣ በልጄ ይሁንብኝ፣ ማንም ማል አላለውም! ወደ ክፍሉ ገብቶ እጅ እግሩን ታጥቦ ውዱእ አድርጎ ቁርአኑን ይዞ ወጣ፤ እጁን ጫነበትና «ወላሂ፣ ይህ ቤት ለልጄ ነው። ከእኔና ከልጄ በቀር ሰው ጎኑን አያሳርፍበትም፤ እኔ እስክሞትም፣ ከሞትኩም በኋላ» አለ።

ሽማግሌዎቹ የያዙትን ጫት ጣሉት። ሼሁ «ተው እንጂ ጉሌድ! ይህን ያህል ማን ጠየቀህ?» ብለው ጮኹ። እሱ ግን ቁርአኑን ስሞ ተቀመጠ። ያን ያህል የማለ ሰው እንዴት ይሞገታል? ተሰማ ራሱ አንገቱን ደፋ። «እንለቃለን» አለ፣ ያ ሁሉ ቁጣው የት እንደገባ እንጃ።

ከደቻቱ ዳር አንዲት የጭቃ ቤት ተከራይተን ወጣን። አዴር ጉሌድ ዕቃችንን ሲሸከም ዋለ፤ ልከለክለው ብል አልሰማኝም። እኔ ግን ተቀይሜዋለሁ፤ አፌን ሞልቼ ደህና ሁን አላልኩትም።

ቤቱን ኖራ ቀባው። የሽቦ አልጋ ገዛ፣ ነጭ አንሶላ አነጠፈበት፣ መስተዋት ሰቀለ። ከዚያ በኋላ የጅቡቲ ባቡር በሚገባበት ቀን ሁሉ፣ ንጹሕ ሽርጡን ታጥቆ፣ ጥቁር ጃንጥላውን ዘርግቶ፣ በዚያች አጭር እርምጃው የከዚራን ሰፈር አቋርጦ ጣቢያ ይሄዳል። መግቢያው ጋ አይጠጋም፤ ራቅ ብሎ ዛፍ ሥር ይቆማል። የመጨረሻው ተሳፋሪ ሲወጣ ጃንጥላውን አጥፎ ይመለሳል። ሰው ሲጠይቀው መልሱ ያው አንድ ነው። «ኸይር፣ ዛሬ ባቡሩ ሞልቶ ነበር። ቦታ አጥቶ ይሆናል።»

ወራት ሄዱ፣ ዓመት ዞረ፣ ደግሞ ዞረ። ነጋዴ የሚባለውም አልመጣ፣ ኤልሚም አልመጣ። ቤቷ ተቆልፋ ቀረች። ብዙ ሰው አከራየን ብሎ ለምኖታል፤ ማን መሐላ ያፈርሳል? ሽማግሌው በገዛ አፉ ቤቱን ከሰው ሁሉ ቆለፈው።

ከዚያ ደቻቱ መጣ። የድሬን ጎርፍ የማያውቅ ሰው አይገባውም፤ ሰማዩ ጠርቶ፣ ፀሐይ እየከረረች፣ ዝናቡ ያለው ላይ ተራራው ዘንድ ነው። ከሰዓት በኋላ ሰው ጋደም ባለበት ጉርምርምታ ሰማን። ልጁን ነጥቄ ስሮጥ ተሰማ ከኋላዬ ነበር። ዞር ስንል ግድግዳችን የለም። ፍራሹን፣ ሳጥኑን፣ የሠርግ ልብሴን ሳይቀር ውሃው ይዞት ሄደ።

ተሰማ ኩራቱ አያስኬደውም፤ እኔ ሄድኩ። እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነኝ። አዴር ጉሌድ የፊት ለፊቱን ቤት በር እንደገና ኖራ እየቀባ ነበር። «አዴር፣ አስገባን» አልኩት። እጁ ላይ ያለው ብሩሽ ቆመ።

«አልችልም» አለኝ።

«ባዶ ነው!»

«ምያለሁ አዴር። ታውቂያለሽ።»

ያኔ አበድኩ። «ለማን ነው ታዲያ የምትቀባው? ለጂኒ ነው? ልጅ አይመጣ! የለም ልጅ!» አልኩት። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። እሱ አልተቆጣም። ብሩሹን ባልዲው ውስጥ ከተተና መሬት ላይ ቁጢጥ አለ። እኔም ልጄን ታቅፌ፣ መሄጃ አጥቼ ቆምኩ።

ከተቀመጠበት ተነሳ። ወደ ኋላ ወደ ራሱ ክፍል ገባና ምንጣፉን ይዞ ወጣ። ተመለሰና ሳጥኑን። ቀጥሎ የውዱእ ማንቆርቆሪያውን፣ መዶሻውን፣ የሻሂ ብርጭቆውን። ሁሉንም አንድ በአንድ ወደ ፊት ለፊቱ ቤት አገባ። ሲጨርስ የክፍሉን ቁልፍ እጄ ላይ አኖረ።

«ከእኔና ከልጄ በቀር ነው ያልኩት። እኔ እዚህ እገባለሁ፤ እናንተ እዚያ ግቡ። ለራሴ ነው ብዬ የለ? ይኸው ለራሴ ሆነ።»

ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣብኝ። ስድቤን ሁሉ ረስቶ «ልጁን አድርቂው፣ ይበርደዋል» ይለኛል።

ከዚያ ወዲህ በአንድ ግቢ ኖርን። ልጆቼ አዴር እያሉት፣ እሱም አዴር እያላቸው አደጉ። ማታ ማታ ሙቀቱ ሲጠና ሁላችንም አልጋ አውጥተን ደጅ ስንተኛ እሱ ብቻ ከዚያ ቤት አይወጣም። «ደጅ ከተኛሁ ቤቱ ባዶ ይሆናል» ይላል። ከእኛ ጋር ይበላል፣ ይጫወታል፣ ያስቃል፤ በሩን ገርበብ አድርጎ ሲገባ ግን ልቤ ስፍስፍ ይልብኝ ነበር። ሰው በመሀላችን እየኖረ እንዲያ ብቻውን ሲሆን አይቼ አላውቅም።

እግሩ ሲደክም ጣቢያ መሄድ ተወ። ተሰማ ከሥራ ሲገባ ጠብቆ «ዛሬስ ሞልቶ ነበር?» ይለዋል። ተሰማ፣ ፍርድ ቤት ድረስ የሄደው ሰውዬ፣ ልጁ የለም ብሎ የተከራከረው ሰውዬ፣ ባቡሩ ግማሹ ባዶ ሆኖ መግባቱን በዓይኑ አይቶ፣ «ኧረ ጢም ብሎ ነበር አዴር! ጣሪያው ላይ መውጣት ነው የቀራቸው» ይላል። ሽማግሌው ራሱን ይነቀንቃል። «እንዲያ ከሆነ ቦታ አጥቶ ነው።» ተሰማን መጀመሪያ ይህን ያለ ቀን ያህል ወድጄው አላውቅም።

አዴር ጉሌድ ከሞተ ከወራት በኋላ ተሰማ ከሥራ አንድ ሰው ይዞ ገባ። ፊቱ አመድ መስሏል፣ የተሰማ ማለቴ ነው። ሰውዬው ጎልማሳ ነው፤ በዚያ ሙቀት ወፍራም ኮት ለብሷል፤ አገጩን ሳይ ሳይነገረኝ አወቅሁት።

ቁጭ ብሎ ሻሂ ከጠጣ በኋላ በትሕትና ተናገረ። አማርኛው ሸሽቶታል፣ ቃል እየፈለገ ነው። «አባዮ» አለኝ፣ እህቴ ማለቱ ነው፤ «ያባቴን መሞት ጅቡቲ ሰማሁ። ቤቱን ልትለቁልኝ ነው። ለራሴ እፈልገዋለሁ። ሸጬ እመለሳለሁ፤ ሚስትና ልጆቼ ኤደን ናቸው።»

ለራሴ! ተሰማ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ቁልፉን አንስቼ የፊት ለፊቱን ቤት ከፈትኩለት።

እንደተዘጋጀ ነበር። የሽቦው አልጋ፣ ነጩ አንሶላ፣ መስተዋቱ፣ ለኮት መስቀያ የተመታች ሚስማር። ግድግዳው ኖራ በኖራ ላይ ተደርቦበት ወፍሯል። ኤልሚ በሩ ሥር የተነጠፈውን ያረጀ ምንጣፍ አየና «ይህስ?» አለ።

«አባትህ የሚተኛበት ነው።»

«አልጋ እያለ?»

«አልጋው ያንተ ነው ይል ነበር።»

ሁሉንም ነገርኩት። ከኤደን ስለላከው ቃል፣ ስለ ሽማግሌዎቹ፣ ስለ መሐላው፣ ስለ ጃንጥላው። እየሰማኝ ኮቱን አወለቀና ሳያየው ሚስማሯ ላይ ሰቀለው።

«ሰላምታ እኮ ነው» አለ። «የአገር ልጅ አገኘሁ፣ ወደዚህ ሊመጣ ነው። ሰላም በልልኝ፣ እመጣለሁ፣ ቤት ያዘጋጅልኝ አልኩት። ሰው ሲሰናበት የሚለው ነው። ሁሉም የሚለው ነው እኮ አባዮ!»

እኔስ ብሆን ለምንጃር ሰዎች ስንት ጊዜ መጣሁ በሏቸው ብያለሁ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ ጫማውን አወለቀና እንደ ሕፃን ጥቅልል ብሎ ተኛ። በሩን ገርበብ አድርጌለት ወጣሁ፤ ልጆቼን እንዳይጮኹ ገሠጽኩ። የከሰዓት በኋላው የአሱር አዛን እስኪሰማ ድረስ አልነቃም። ሲወጣ ዓይኑ አብጦ ነበር።

«አልሸጠውም» አለ። «ሌላ ሰው ከተኛበት መሐላው አባቴ ላይ ነው የሚወድቀው። የኋላው ቤት የእናንተ ነው፤ ኑሩበት። ይህኛው እንዲሁ ይሁን።»

በማግስቱ ጣቢያ ሸኘሁት። ባቡሩ ያን ዕለት የእውነት ጢም ብሎ ነበር፤ ሰው በመስኮት ሳይቀር ይገባል። ኤልሚ እየተጋፋ ገባና ቦታ አግኝቶ አንገቱን በመስኮቱ አወጣ።

«እንግዲህ አባዮ፣ ሰፈሩን ሰላም በይልኝ። በቅርቡ እመ...» ብሎ አፉን ያዘ።

ዓይኔን ከእሱ ላይ አነሳሁ። ባቡሩ ጮኸ፣ መንቀሳቀስ ጀመረ። ኤልሚ በጩኸቱ መሀል ጎንበስ ብሎ፣ «አልመጣም በያቸው» አለኝ። «እንዳይጠብቁ።»

ለማን ልንገር? የሚጠብቀው ሰው የለም። ከዚራን አቋርጬ፣ ደቻቱን ተሻግሬ ቤት ገባሁ። የፊት ለፊቱን በር ከፈትኩ። አንሶላው ተጨማዷል፣ ትራሱ መሀሉ ጎድጉዷል። አልነካሁትም። ምንጣፉ አጠገብ ቆምኩና ሰው ይሰማኛል ሳልል ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

«አዴር፣ ልጅህ መጥቶ ነበር። ተኝቶበታል» አልኩት።

የቀረውን አልነገርኩትም።